ተራራውን ከመከለል በፊት፦ ባለድርሻዎችን የማሳተፍ መመሪያ ለጮቄና ለመሰል ደጋማ አካባቢዎች

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለወረዳ ባለሙያዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለቀበሌ አመራሮችና በትውልድ ቀያቸው ተራራ ላይ ሥራ ለመጀመር ለተነሡ ማኅበራት ነው። እርከን እንዴት እንደሚቀየስ፣ የችግኝ ጉድጓድ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚጠልቅ የሚያስረዱ ጽሑፎች ሞልተዋል። እዚህ የሚነገረው ከዚያ የሚቀድመው ሥራ ነው፤ ማለትም በተራራው ላይ የሚያርሱ፣ ከብት የሚያሰማሩ፣ ውኃ የሚቀዱና እንጨት የሚለቅሙ ሰዎች ሥራውን የራሳቸው እንዲያደርጉት ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በደጋው አገር እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ ብዙ ኮረብታም ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ ክልሉ ለከብት ተከፈተ፣ ዛፉም ተቆረጠ። ያፈረሱት ገበሬዎች መሬታቸውን የሚጠሉ አልነበሩም። እርከኑ የመንግሥት፣ ክልሉ ደግሞ የተነጠቀ ግጦሽ ሆኖ ስለታያቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ብዙ ተሻሽሏል። ያም ሆኖ አንድ ችግር ዛሬም አለ፦ ስብሰባው የሚጠራው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥኩት ጮቄን ነው። በጎጃም መካከል ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ይህ ተራራ የሙጋ፣ የጨሞጋ፣ የተምጫ፣ የሱሃና የሌሎች ብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ ሁሉም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ጓሳ የሚባለውን ሣር፣ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦና ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክል ለብሶ የነበረው አናቱ ከዓመት ዓመት በገብስና በድንች ማሳ እየተገፋ መጥቷል። ታች ያለው መሬት ስለጠበበና አፈሩም ኮምጣጣ ስለሆነ ገበሬው ሽቅብ ይወጣል። ይህን መውጣት በክልከላ ብቻ ማስቆም አይቻልም። ወደ ላይ የወጣው ሰው የሚበላው ነገር ሊኖረው ይገባል።

1. ወሰኑን በውኃው መንገድ አውጡ

የቀበሌ ወሰን የአስተዳደር ነው፤ ጎርፍ አያውቀውም። ስለዚህ አንድ ወንዝ ወይም ምንጭ ያዙና ዝናቡ ከየት ተነሥቶ ወደዚያ እንደሚወርድ ተከተሉ፤ ያ ቦታ በሙሉ ተፋሰስ ይባላል። የግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ባወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ቢሆን ይመከራል። ልኩ ጥሩ ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ ሰዎቹ በስም ይተዋወቃሉ፤ ማን የማን በግ እንደሆነም ያውቃሉ። ከዚያ ሲበልጥ ውክልና ይበዛል፣ ተጠያቂነትም ይሳሳል።

ወሰኑን ስታወጡ ከአናት እስከ ግርጌ በእግር ሂዱ። አብረዋችሁ እንዲሄዱ አንድ የቦታውን ስም የሚያውቁ አዛውንት፣ አንድ እረኛና አንዲት ውኃ የምትቀዳ ሴት ምረጡ። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ቢገኙ መልካም ነው፤ መንገዱን የሚመሩት ግን እነዚህ ሦስቱ ይሁኑ። እረኛው ከብቱ የሚያልፍበትን፣ ሴትየዋ በግንቦት የሚደርቀውን ምንጭ፣ አዛውንቱ ደግሞ ዛሬ ማሳ የሆነው ቦታ ድሮ ምን እንደነበረ ይነግሯችኋል። ተፋሰሱ ሁለት ቀበሌዎችን የሚነካ ከሆነ ከሁለቱም ሰው ያዙ። ይህን ሳታደርጉ ከቀራችሁ፣ በኋላ የሚነሣውን የወሰን ጠብ አትችሉትም።

2. ማን ምን ያጣል? በደብተር መዝግቡ

የመመሪያው ልብ ይህ ደረጃ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አትቆጥቡ። የተለመደው የባለድርሻዎች ዝርዝር ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ መሬት ጽሕፈት ቤት፣ ሴቶችና ወጣቶች፣ የሃይማኖት አባቶች እያለ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ስለ ወንበር አሰላለፍ ካልሆነ በቀር የሚነግራችሁ ነገር የለም። የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ቦታ ነገ ቢከለል፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት የማን ቤት ይጎድላል?

ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ሰውየው ወይም ቤተሰቡ፣ ከቦታው የሚወስደው ነገር፣ የሚወስድበት ወር፣ ቢከለከል የሚያጣው። ከዚያ ጎጥ ለጎጥ፣ ቤት ለቤት ሂዱ። እነዚህን አትዝለሉ፦

በተራራው አናት የሚያርሱ። አብዛኛውን ጊዜ መሬት ያነሳቸው ወጣት ባለትዳሮች ናቸው። የያዙት ማሳ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ላይኖር ስለሚችል ስብሰባ ላይ አይናገሩም፤ ቢናገሩ "ሕገወጥ" የመባል ስጋት አለባቸው። እነርሱን ያላገኘ ጥናት ተራራውን አላገኘውም።

ከብት እንጂ በቂ መሬት የሌላቸው። የወል ግጦሽ ሲዘጋ ባለ ብዙ ማሳው ጭድና ገለባ አለው። እነርሱ ግን በጉን ይሸጣሉ።

ኩበትና ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶች። ግጦሽ ሲዘጋ ሰዉ ስለ ሣሩ ያወራል፤ ኩበቱን የሚያስታውሰው የለም። ደጋ ላይ ኩበት የእንጀራ ማገዶ ነው። አስታም እንዲሁ።

መሬት በእኩል የሚያርሱ። ባለይዞታዋ ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ናት። እርከን እንዲሠራ የምትፈቅደው እርሷ፣ የሚሠራው ግን አራሹ ነው። ትርፉ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ከሆነና ውሉ የአንድ ዓመት ከሆነ አራሹ ለምን ይደክማል? ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡና ውሉ እንዲረዝም አነጋግሯቸው።

በክረምት ወይም በበጋ ብቻ የሚመጡ ጎረቤቶች። ከሌላ ቀበሌ ከብት ይዘው የሚወጡ ሰዎች የዚህ አገር ሰዎች አይደሉም ተብለው ይረሳሉ። የመጀመሪያውን ጥሰት የሚፈጽሙትም እነርሱ ይሆናሉ፤ ማንም አልነገራቸውምና።

ባሕር ዛፍ የሚያለሙና የሚሸጡ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ ከታች በመስኖ የሚያለሙ፣ ችግኝ ጣቢያ ያላቸውና ንብ የሚያንቡ ወጣቶችም በደብተሩ ይግቡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ግን በመጨረሻው ገጽ ጻፏቸው። እነርሱ ምን እንደሚያጡ ሳይሆን ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ ነው መመዝገብ ያለበት።

3. ከስብሰባ በፊት በየቤቱ፣ ከዚያም በየጎጡ

ትልቅ ስብሰባ ውሳኔ የሚነገርበት እንጂ ሐሳብ የሚወለድበት ቦታ አይደለም። በመጀመሪያ በየጎጡ ከአሥራ አምስትና ሃያ የማይበልጡ ሰዎችን አነጋግሩ። ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ፣ ቀጥሎ ሁሉንም በአንድነት። በተለይ አገር ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ሕዝብን በብዛት መሰብሰብ ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የጎጥ ንግግር ይበቃል፤ ያም ካልተቻለ ሥራው ይቆይ።

ቀኑን ከገበሬው ቀን መቁጠሪያ ጋር አስማሙ። በጎጃም፣ በጎንደርና በሸዋ ደጋ በበዓላት ቀን አፈር አይቆፈርም፣ ሞፈር አይነሣም። በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለ ወልድ ሰዉ ከቅዳሴ በኋላ አብሮ ይቆያል። ለንግግር የተመቸ ቀን እርሱ ነው። በሥራ ቀን ስብሰባ መጥራት ግን ገበሬውን ከማሳው ማስቀረት ይሆናል። በወሎ ተራሮች በመሳሰሉት ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው ቦታዎች ከጁምዓ ሰላት በኋላ ያለው ሰዓት ይመቻል። በገበያ ቀን ደግሞ አትጥሩ፤ ሴቶቹን ታጣላችሁ። በሰኔና በሐምሌ የሚደረግ ስብሰባም በወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር ስብሰባ አይደለም።

ቦታውም ይናገራል። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግብር የሚከፈልበት፣ ማዳበሪያ የሚታዘዝበትና ክስ የሚሰማበት ስለሆነ ሰው እዚያ ሲገባ አንደበቱ ይታሰራል። ከዛፍ ሥር፣ ከምንጩ አጠገብ ወይም የሰንበቴው ቤት ይሻላል።

ስለ አበል ግልጽ ሐሳብ አለኝ። ለገበሬ የስብሰባ አበል አትክፈሉ። ከከፈላችሁ በኋላ ሰዉ ስለ ተራራው ሳይሆን ስለ አበሉ ይመጣል። ፕሮጀክቱ ሲወጣ ስብሰባውም አብሮ ይወጣል። ራቅ ካለ ጎጥ ለመጣ ምሳ ማብላት፣ ቆሎና ጠላ ማቅረብ የአገሩ ወግ ነው፤ እርሱ ይበቃል። በምትኩ እናንተ ወደ እነርሱ ሂዱ።

ዝምታን እንደ ስምምነት አትቁጠሩ። ባለሥልጣን ባለበት "የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ" ከተባለ ሁሉም ያወጣል። የተሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ አተር ስጡ። ባቄላው "እስማማለሁ"፣ አተሩ "አልስማማም" ይሁን። ሰዉ በየተራ ከሁለቱ አንዱን ወደ ተሸፈነ ማሰሮ ይጣል። አተሩ ከበዛ ዕቅዱ አልበሰለም ማለት ነው፤ ወደ ደብተሩ ተመለሱ። ጥቂት አተር ብቻ ቢገኝ እንኳ የማን እንደሆነ ሳትጠይቁ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አወያዩ።

4. መሬቱ ላይ ቆማችሁ ተነጋገሩ

በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ ለባለሙያ ነው። ለጎጡ መሬት ላይ በድንጋይ፣ በአመድና በቅጠል የተሠራ ካርታ ይሻላል፤ ሁሉም ከቦ ይቆማል፣ አሮጊቷም በዘንጓ ታስተካክላለች። ካርታውን ከሠሩት በኋላ በፎቶግራፍ አንሡትና ወደ ወረቀት አዙሩት።

ቀጥሎ ተዳፋቱን አብራችሁ ለኩ። የመስመር ውኃ ልክ፣ ገመድና ሁለት ዘንግ ይበቃል። ገመዱን አግድም ወጥራችሁ አንድ ሜትር ሲኬድ መሬቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 60 በመቶ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ከወረደ 30 በመቶ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ይልቁንም ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ይደነግግ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራ ብቻ ነው ይል ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ የአሁኑን አዋጅና የክልል መንግሥታችሁን ሕግ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ አንቀጹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሕጉን ለማስፈራሪያ ሳይሆን ለመነሻ ተጠቀሙበት። ገበሬው ራሱ ለክቶ "ይኸ ስልሳ ያልፋል" ሲል ነገሩ ከባለሙያ ትእዛዝ ይወጣና የእርሱ ዕውቀት ይሆናል።

ስለ አፈር መታጠብ ስትናገሩ ቁጥር አታብዙ። በኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ጥናት ገምቷል። ለባለሙያ ይህ ከባድ ቁጥር ነው። ለገበሬው ግን ከማሳው ዳር ያለውን የዛፍ ሥር አሳዩት፤ አፈሩ ዱሮ የት ድረስ እንደነበረ በጣቱ ይለካዋል።

የገበሬውን ቅሬታም እዚያው ስሙ። እርከን ከማሳው አንድ አሥረኛ ያህል፣ በገደላማ ቦታም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሬ ማዞር ያስቸግራል። ካቡ የአይጥና የፍልፈል መኖሪያ ይሆናል። በዝናባማ ቦታ ውኃ ከእርከኑ ጀርባ ይቋጥርና ገብሱን ያበሰብሳል። እነዚህ ሰበቦች አይደሉም፤ ሁሉም እውነት ናቸው። ለእያንዳንዱ መልስ ያስፈልጋል፦ በእርከኑ ላይ መኖ ተክሎ የተወሰደውን መሬት ማስመለስ፣ ለበሬ ማዞሪያ ርቀቱን አስፍቶ መቀየስ፣ ለውኃው መውረጃ ማዘጋጀት። መውረጃውን በማን ማሳ በኩል እንደምታሳልፉት ደግሞ ባለማሳው እሺ ሳይል አትወስኑ። በጎረቤት ማሳ የተለቀቀ ጎርፍ ወንድማማቾችን አጣልቷል።

5. ድርድሩ፦ መኖው ይቅደም፣ አጥሩ ይከተል

አሁን ደብተሩን ክፈቱ። እያንዳንዱ የጎደለበት ሰው በምን ይካሳል? መልሱ "ከአምስት ዓመት በኋላ ሣሩ ይበዛል" ከሆነ መልስ አይደለም። በግ አምስት ዓመት አይጾምም።

ስሌቱን በግልጽ ሥሩ። 250 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የአገር ከብት በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 100 ከብት ለሦስት ወር ከወል ግጦሹ ቢከለከል 540 ኩንታል መኖ ይጎድላል ማለት ነው። ይህን ቁጥር በጎጡ ፊት ተናገሩና ከየት እንደሚመጣ አብራችሁ ፈልጉ፦ ከገብሱና ከስንዴው ጭድ ስንት፣ ከእርከን ላይ መኖ ስንት፣ ከክልሉ ታጭዶ ስንት፣ በሽያጭ የሚቀነሰው ከብት ስንት? ድምሩ ካልሞላ የሚከለለውን ቦታ አሳንሱ። ሙሉውን ኮረብታ በአንድ ጊዜ ከመዝጋት ሲሶውን ዘግቶ፣ ሣሩ ታጭዶ ከተከፋፈለ በኋላ ሌላውን ሲሶ መጨመር ይሻላል። በመጀመሪያው ዓመት መኸር የታጨደ ሸክም ሣር ቤቱ የገባለት ሰው ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

የመኖ ተክል ስትመርጡ ከፍታውን አትርሱ። ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ መልካም ነው። ደሾ ሣር ውርጭ ሲበዛ ይደክማል። ፋላሪስ የተባለው ሣር ብርዱን ይችላል። በአናቱ ላይ ግን ጓሳው ራሱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቦታው የእርሱ ነው፣ ለጣሪያ ክዳንና ለገመድም ያገለግላል።

የአጠቃቀም ደንብን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመንዝ የጓሳ አካባቢ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት የቄሮ ሥርዓት የሚባል የራሱ አስተዳደር ነበረው። ቦታው በተከታታይ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ሣሩ መድረሱን አይተው የሚከፈትበትን ቀን ያውጃሉ፤ ባለመብቱ ሁሉ በዚያ ጊዜ ያጭዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱ ሥርዓት ሲፈርስ ቄሮውም አብሮ ተናጋ፤ በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች በወኪሎቻቸው በኩል ጥበቃውን እንደገና አቋቁመውታል። ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ አለ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት መከልከሉ ላይ አይደለም። መቼ እንደሚከፈት የሚታወቅ ክልል ሰው ይጠብቀዋል። መቼ እንደሚከፈት የማይታወቅ ክልል ግን የሌላ ሰው ንብረት ይመስላል። ስለዚህ በደንባችሁ ውስጥ የመጀመሪያው አንቀጽ የመክፈቻው ቀንና የክፍፍሉ መንገድ ይሁን።

ክፍፍሉ በነፍስ ወከፍ፣ በቤተሰብ ወይስ በከብት ቁጥር? እኔ በቤተሰብ እላለሁ። በከብት ቁጥር ከተከፋፈለ ባለ ብዙ ከብቱ ከወል መሬት ሁለት ጊዜ ይጠቀማል። ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን ሸጣ እህል ትገዛበት። ዕጣ ማውጣትም የቆየ፣ የማያጣላ መንገድ ነው።

መሬት አልባ ወጣቶችን ለችግኝና ለጉድጓድ ቁፋሮ ብቻ አትጥሯቸው። በተከለለው ቦታ ንብ የማነብ፣ ሣር አጭዶ የማድለብ ወይም የችግኝ ጣቢያ የማስተዳደር መብት በጽሑፍ ስጧቸው። ከኮረብታው ገቢ ያለው ወጣት ከተቀጠረ ዘበኛ ይበልጣል።

6. ደንቡን እነርሱ ይጻፉት

የተዘጋጀ ውስጠ ደንብ ከወረዳ አምጥቶ ማስፈረም ከንቱ ነው። ደንቡ አጭር ይሁን፤ ማንበብ የማይችል ሰው በቃሉ ሊይዘው የሚችል። እነዚህን ይመልስ፦ ቦታው ከየት እስከ የት ነው? መቼ ይዘጋል፣ መቼ ይከፈታል? ማን ያጭዳል፣ እንዴት ይከፋፈላል? ማገዶና የጣሪያ ሣር ለሚያስፈልገው ችግረኛ ምን ይፈቀዳል? ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ላለበት ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ከብት ገብቶ ቢገኝ ምን ይደረጋል? የቅጣቱ ገንዘብ የት ይገባል?

ቅጣቱ ትንሽና የማይቀር ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጥቂት ብር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ ያለ። የሊቀመንበሩ በግ ገብታ ቅጣት ያልተከፈለበት ቀን ደንቡ ሞተ ማለት ነው፤ ስለዚህ አመራሩ በቅድሚያ በሕዝብ ፊት ቃል ይግባ።

እድርን ማሳተፍ ጠቃሚ ነው፤ ሁሉም አባል ነው፣ ሒሳብ መያዝም ያውቃል። ነገር ግን "ከክልሉ የሰረቀ በእድር አይቀበርም" የሚል አንቀጽ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ። ሣር ለሰረቀ ችግረኛ ይህ ከጥፋቱ እጅግ የከበደ ቅጣት ነው፤ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ካህናትን ግዝት እንዲያውጁ ከመጠየቅም ይልቅ በስብከታቸው መካከል ደንቡን እንዲያስታውሱ መለመን ይሻላል።

ደንቡ በጎጡ ከጸደቀ በኋላ በቀበሌው ጉባኤ ይቅረብ፤ ግልባጩም ለወረዳው ፍርድ ቤትና ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአነስተኛ ተፋሰሶች ልማት፣ አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። ማኅበሩን አስመዝግቡት። ያልተመዘገበ ማኅበር የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ መዋዋልና መክሰስ ይቸግረዋል። በኮሚቴው ውስጥ ከላይኛውም ከታችኛውም ጎጥ ሰው ይኑር፤ ገንዘብ ያዥነቱን ደግሞ ለሴት መስጠት በብዙ ቦታ የተመሰከረለት ነው።

7. ከታች ያሉትን ወደ ላይ አውጧቸው

ላይኛው ጎጥ መሬቱን ትቶ ሣር ያበቅላል፤ ከታች ያለው ምንጩ ሲበረክትለት ሽንኩርትና ድንች በመስኖ ያለማል። ይህ ፍትሐዊ የሚሆነው ከታች ያለው አንድ ነገር ሲመልስ ነው። በዓመት አንድ ቀን የመስኖ ተጠቃሚዎቹን ወደ አናቱ አውጧቸውና የጎርፉን መነሻ ይዩ። ከዚያ ስለ መዋጮ ተነጋገሩ፦ የጉልበት፣ የዘር ድንች፣ ለጠባቂው ደመወዝ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ። ወንፈልና ደቦ የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ አዲስ አይደለም።

ከጮቄ የሚታጠበው አፈር ዞሮ ዞሮ በህዳሴ ግድብ ውስጥ እንደሚተኛ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአገር ነው፤ ነገር ግን የአገርን ዕዳ በጮቄ ሥር ያሉት የስናን ወይም የቢቡኝ ወረዳ ገበሬ ብቻውን በነጻ እንዲሸከመው አትጠይቁ። ለወረዳና ለዞን ስትናገሩ ይህን ደፍራችሁ ተናገሩ። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆችም ባለድርሻ ናቸው። ለችግኝ መግዣ ገንዘብ መላክ ይወዳሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት መኖና ለምርጥ ዘር ድንች እንዲልኩ አግባቧቸው፤ ክልሉን የሚያቆመው እርሱ ነው።

8. ጠብ ሲነሣ

ይነሣል። መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ፤ ከሁለቱም ወገን የተመረጡ፣ ከብት በክልሉ የሌላቸው ሽማግሌዎች። የሁለት ቀበሌ የወሰን ክርክር ከሆነ መሬት ጽሕፈት ቤቱን ቀድማችሁ ጥሩ፤ ሽማግሌ ብቻውን የይዞታ ወሰን አይወስንም። ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ በተከራከሩበት ቦታ ላይ ችግኝ አትትከሉ። የተተከለ ዛፍ የይዞታ ማስረጃ ተደርጎ ስለሚታይ ሌሊት ይነቀላል።

9. ሥራውና ክትትሉ

ቁፋሮውና ካቡ በጥርና በየካቲት በተለመደው የሕዝብ ንቅናቄ ይሠራል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከጎርፍ መቀልበሻ ጀምሮ። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ሰዉ ያውቀዋል።

ክትትሉ ግን ሕዝቡ ራሱ በሚለካው ነገር ይሁን። ምንጩን በ20 ሊትር ጀሪካን ለኩ፦ ለመሙላት ስንት ሴኮንድ ፈጀ? በ80 ሴኮንድ ከሞላ ሩብ ሊትር በሴኮንድ ነው። በየዓመቱ በየካቲትና በግንቦት በተመሳሳይ ቀን ለኩና ጻፉ። የታጨደውን ሣር በሸክም ቁጠሩ። ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ በየዓመቱ ፎቶግራፍ አንሡ። አፈሩን ለመለካት የብረት ችንካር የምትተክሉ ከሆነ ብዙ ችንካር ትከሉና ጥቂት ዓመታት ጠብቁ። በሄክታር 42 ቶን የተባለው መታጠብ እንኳ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ክረምት በአንድ ችንካር አይነበብም። የጠፋ የምንጭ ውኃ ሲመለስ ልኬቱን ያዩት ሴቶች ለጎረቤት ቀበሌ ያወሩታል። የምታዘጋጁት ሪፖርት ያን ያህል አይሰማም።

የማኅበሩ ሒሳብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ገቢው፣ ቅጣቱ፣ የጠባቂው ደመወዝ፣ የቀረው። የደብተሩን ምዝገባ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ አድሱ፤ አዲስ ጎጆ የወጡ፣ ከከተማ የተመለሱ፣ ባል የሞተባቸው ሴቶች ይጨመሩ። ደንቡ ሲወጣ ያልነበሩ ወጣት ባለትዳሮች ድርሻ ሳይኖራቸው ከቀሩ ነገ ወደ አናቱ የሚወጡት እነርሱ ናቸው።

ከፕሮጀክት ጋር የምትሠሩ ከሆነ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ርክክቡን ጀምሩ። የተፋሰሱ ካርታና ደንቡ በዋናው ቅጂ ማኅበሩ እጅ ይግባ፤ የባንክ ፊርማው ወደ ማኅበሩ አባላት ይዙር፤ ዶማው፣ አካፋውና የውኃ ልኩ በዝርዝር ተቆጥሮ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ የጠባቂው ደመወዝ ለመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ወራት ከፕሮጀክቱ ሳይሆን ከሣሩና ከመዋጮው ይከፈል። በእነዚህ ወራት ማኅበሩ መክፈል ካቃተው ጉድለቱ የሚታየው ፕሮጀክቱ ገና እዚያ እያለ ስለሆነ፣ የመዋጮውን ልክ ወይም የጠባቂውን ቁጥር ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።